ጄምስ ብሩስና ፈንጣጣን የገዙ እናቶች

ከጎንደር ደጋ ተነሥቶ ወደ መተማ፥ ከመተማም ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው መንገድ እጅግ የቆየ መንገድ ነው። ነጋዴ ከብቱን ጭኖ፥ ስደተኛም ልጁን አዝሎ ለብዙ ዘመን ተመላልሶበታል። ከነጋዴውና ከስደተኛው ጋር ግን ማንም ሳይጠራው ሌላ መንገደኛ ይከተል ነበረ፤ እርሱም ሕፃናትን የሚፈጅ ደዌ ነው። ዛሬ ታሪኩን የምንነግራችሁ ጄምስ ብሩስ በዚህ መንገድ አልፎአል። ስለ ዐባይ ምንጭ የጻፈውን ብዙ ሰዎች ያውቁታል፤ ስለ ሕፃናትና ስለ እናቶቻቸው የጻፈውን ያስተዋሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ብሩስ በታኅሣሥ ወር 1730 በስኮትላንድ አገር፥ ኪኔርድ በሚባል ርስት ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። እርሱም በልጅነቱ ደካማ ነበረ፤ ኋላ ግን ቁመቱ የረዘመ፥ ክንዱም የበረታ ሰው ሆነ። በእንግሊዝ አገር ተምሮ፥ የሕግ ትምህርት ጀምሮ ተወው። በ1754 አድሪያና የምትባል ልጃገረድ አገባ። ነገር ግን ጋብቻቸው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሚስቱ በሳምባ ነቀርሳ ታማ በፓሪስ ከተማ ዐረፈች። በዚያን ዘመን ለዚህ ደዌ መድኃኒት ወይም መከላከያ አልነበረም። ወጣቱ ባል ባለጸጋ ቢሆንም በገንዘቡ ሊያድናት አልቻለም። ከዚህ ኀዘን በኋላ ልቡን ወደ ቋንቋ ትምህርትና ወደ ሩቅ አገር ጉዞ መለሰ፤ ዐረብኛና ግዕዝም መማር ጀመረ።

ከ1763 እስከ 1765 በአልጀርስ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ አገለገለ። ከዚያም በሰሜን አፍሪካና በሶርያ ተዘዋወረ። በሶርያ ባለችው በሐለብ ከተማ ፓትሪክ ራስል የሚባል ስመ ጥር ሐኪም ነበረ። ብሩስ ከእርሱ ዘንድ የሕክምና ሥራ ተማረ። ይህ ሐኪም የዐረብ ዘላኖች ፈንጣጣን በራሳቸው ጥበብ እንደሚከትቡ መርምሮ፥ በ1768 ለአገሩ ሊቃውንት ጽፎአል። እንግዲህ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፥ ስለ ፈንጣጣ በዘመኑ ከሁሉ ይልቅ ከሚያውቁት መካከል ከአንዱ ተምሮ መጣ ማለት ነው።

በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ካልዕ ሲሆኑ፥ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። ብሩስ በከተማይቱ ያገኘው የጦርነት ወሬን ብቻ አልነበረም፤ ፈንጣጣም ገብቶ ነበረ። በእቴጌ ምንትዋብ አዳራሽ፥ በቍስቋም፥ የመኳንንቱ ልጆች ታመው ተኝተው ነበሩ። ያ ደዌ የእረኛን ልጅ ከመስፍን ልጅ አይለይም ነበረና፥ የእቴጌይቱ ልጅና የራስ ሚካኤል ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ አስቴር ስለ ልጃቸው ስለ አቶ ኮንፉ እጅግ ተጨነቁ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ልማድ የታመመውን ሕፃን በጨለማ ቤት መዝጋት፥ በልብስ ላይ ልብስ መደረብ፥ እሳት ማንደድና ትኩስ መጠጥ ማጠጣት ነበረ። ይህንም ያደርጉ የነበሩት ልጃቸውን ስለሚጠሉ አይደለም፤ አጥብቀው ስለሚወዱና ነፋስ ያገኘዋል ብለው ስለሚፈሩ ነበረ። ብሩስ ግን በሐለብ እንደ ተማረው በሩንና መስኮቱን አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣን አሳጠነ፤ ለብ ባለ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ ሞቱ፤ አቶ ኮንፉ ግን ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አስቴር የብሩስ ታማኝ ወዳጅ ሆኑ። እርሱም ያዕቆብ እየተባለ በቤተ መንግሥቱ ታወቀ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ልብ እንበል። ብሩስ ለታመሙት ያደረገው በጎ ነገር ቢሆንም፥ ደዌው ከያዛቸው በኋላ የተደረገ ስለ ሆነ ኀይሉ ጥቂት ነበረ። ፈንጣጣ ከያዛቸው ከዐሥር ሰዎች ሦስቱን ያህል ይገድል ነበረ። የቀሩትንም ፊታቸውን ይበላ፥ አንዳንዶቹንም ያሳውር ነበረ። ደዌው ከገባ በኋላ የሚመልሰው ሐኪም በምድር ሁሉ አልነበረም። ጥያቄው እንግዲህ ደዌው ሳይገባ በፊት ምን ይደረግ የሚል ነበረ። ብሩስም የዚህን ጥያቄ አንዱን መልስ ያገኘው በኋላ፥ በሌላ አገር፥ ከሊቃውንት ሳይሆን ከእናቶች ነው።

በኅዳር 1770 ብሩስ በጎጃም ግሽ ወዳለው ወደ ዐባይ ምንጭ ደረሰ። ከአውሮፓ ሰዎች ሁሉ ፊተኛ እኔ ነኝ ብሎ ተመካ፤ ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ካህን በ1618 ከእርሱ በፊት ያን ምንጭ አይቶ ነበረ። ሥዕል ይሠራለት የነበረው ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት የኢጣልያ ሰው በ1771 በጎንደር ሞተ፤ ብሩስ ግን የዚህን ባልንጀራውን ድካም በመጽሐፉ እንደሚገባ አልገለጠለትም። ትዕቢትና ክብርን ለብቻ መውደድ በዚህ ሰው ነበረበት። የሰውን ሕይወት ስንናገር በጎውን ብቻ መርጠን ልንናገር አይገባንምና ይህንም ጻፍን።

በታኅሣሥ መጨረሻ 1771 ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ራስ አል ፊል ቆላ ወረደ። በዚያም በተቅማጥ ደዌ ክፉኛ ታመመ። ያዳነው ግን በሐለብ የተማረው ጥበብ አልነበረም፤ የአገሩ ሰዎች የሚያውቁት ዋጊኖስ የተባለ ቍጥቋጦ ነበረ። ኋላ የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ተክል በብሩስ ስም ጠሩት፤ መድኃኒቱን ያስተማሩት የቆላው ሰዎች ግን ስማቸው አልተጻፈም። ያ ኩሩ ሰው በዚያ በሽታ አልጋ ላይ፥ ስለ ሰውነት የሚያውቁት የተማሩ ሰዎች ብቻ እንዳይደሉ ሳይማር አልቀረም።

ከራስ አል ፊል ወደ ምዕራብ ተጕዞ፥ ዛሬ የገዳሪፍ አገር በምንለው ምድር ወዳለችው ወደ ጤዋ መንደር በ1772 በመጋቢት ወር ደረሰ። ያ የአትባራ አገር በዚያን ጊዜ በስናር ነገሥታት ሥር ነበረ። የመንደሩ ሹም በገንዘቡ ጐምጅቶ ብዙ ሳምንት አስጨነቀው፤ ብሩስ ግን ለዚሁ ሹም ለራሱና ለሚስቶቹ መድኃኒት ይሰጥ ነበረ። ከዚያ በጭንቅ ተለቅቆ በሚያዝያ መጨረሻ ስናር ከተማ ገባ።

እነሆ፥ በስናር አገር ስለ ሕፃናት የሰማው ነገር ይህ ነው። ፈንጣጣ በዚያ አገር በየዓመቱ አይገኝም፤ በመጣ ጊዜ ግን ሕዝቡን ያጭዳል። ስለዚህ የዐረብም ሆኑ የጥቁር ወገን እናቶች ከጥንት የወረሱት ልማድ ነበራቸው። በአንድ ስፍራ ፈንጣጣ ተነሣ ሲባል በሰሙ ጊዜ፥ ገና ጤነኛ ልጅ ያላት እናት ትነሣና ወደ ታመመው ሕፃን ቤት ትሄዳለች። የጥጥ ጨርቅ ይዛ በታመመው ሕፃን ክንድ ላይ ትጠመጥማለች። ከዚያም ከሕፃኑ እናት ጋር ተቀምጣ እንደ ገበያ ዋጋ ትከራከራለች፤ ለልጅዋ ስንት የፈንጣጣ ቍስል እንደምትሸጥላት ይስማማሉ። በስምምነታቸውም መሠረት ብር ከፍላ ጨርቁን ፈትታ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች፤ ያንንም ጨርቅ በራስዋ ልጅ ክንድ ላይ ታስራለች። ይህን ነገር በቋንቋቸው ፈንጣጣን መግዛት ይሉት ነበረ። ልጁም ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይታመምና ይድናል፤ ከዚያም በኋላ ያ ደዌ አይመለስበትም።

የቍስሉን ቍጥር በዋጋ መወሰን እንደማይቻል እኛ እናውቃለን። በነገሩ ውስጥ ያለው እውነት ግን ጽኑ ነው። ደዌው በትንፋሽ ሲገባ ሰውነትን በድንገት ያጠቃል፤ በቆዳ በኩል ጥቂት ሆኖ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላል፤ ሰውነትም ጠላቱን ዐውቆ ለመቋቋም ጊዜ ያገኛል። ነገሩ ፈጽሞ ጕዳት የሌለበት አልነበረም። በአውሮፓ እንዲህ ከተከተቡት ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ይሞቱ ነበረ፤ የተከተበውም ልጅ ደዌውን ወደ ጎረቤት ሊያስተላልፍ ይችል ነበረ።

እንግዲህ ውድ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ያቺን የአትባራ ምድር እናት በዐይነ ልቡናችሁ ተመልከቷት። ልጅዋ በደኅና ይጫወታል። ትኵሳት የለውም፤ ቍስል የለውም። እርስዋ ግን በገዛ እጅዋ ደዌን ገዝታ ወደ ቤትዋ ልታመጣ ነው። ልጁ ቢሞትባት በባልዋና በአማቶችዋ ፊት ምን ትላለች? ዝም ብላ ብትቀመጥ ግን ማንም አይወቅሳትም፤ ፈንጣጣ ቢገድለው መዓት ነው ይባላል፤ ሰው ሁሉ አብሯት ያለቅሳል። በሠራነው ነገር ከሚመጣብን ወቀሳ ይልቅ፥ ባለመሥራታችን የሚመጣው ጥፋት ለሰው ልብ ይቀላልና። እርስዋ ግን የሰውን ወቀሳ ሳይሆን የልጅዋን ሕይወት አሰበች። ትንሹን አደጋ ከትልቁ አደጋ ጋር መዘነች፤ ብርዋንም ቈጥራ ሰጠች። ፊደል አልቈጠረችም፤ ነገር ግን መመዘን ታውቅ ነበረ።

ብሩስ በመስከረም 1772 ከስናር ወጥቶ የኑብያን በረሃ ሲሻገር ሊሞት ጥቂት ቀረው። ግመሎቹ ስላለቁበት ማስታወሻውንና ዕቃውን ሁሉ በአሸዋ ላይ ጥሎ፥ እግሩ ቈስሎ በእግሩ ሄደ። አስዋን ከደረሰ በኋላ ግን ሌሎች ግመሎች ይዞ ተመልሶ የጣለውን ሁሉ አነሣ። የብዙ ዓመት ድካሙ እንዲህ ከጥፋት ዳነ።

በ1774 ወደ አገሩ ሲመለስ የጠበቀው ክብር ብቻ አልነበረም። የተናገረውን ብዙዎች ሐሰት ነው ብለው ሣቁበት። ኩራቱና ቍጡነቱም ነገሩን አባሰበት፤ ሰዎቹ ተናጋሪውን ስላልወደዱ ንግግሩን ጣሉት። እርሱም ተቈጥቶ ወደ ርስቱ ሄደ፤ በ1776 ሜሪ የምትባል ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። በ1785 እርስዋም ሞተች። በኀዘኑ ጊዜ ወዳጆቹ ስለ ለመኑት የጉዞውን ታሪክ አጽፎ በ1790 በአምስት ትላልቅ መጻሕፍት አሳተመው። ከእርሱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሱዳን የመጡ ተጓዦች ከተናገረው አብዛኛው እውነት እንደ ነበረ መሰከሩ። ይህም ትምህርት ይሁነን፤ አንድን ነገር ተናጋሪውን ስለወደድነው ብቻ አንቀበለው፤ ስለጠላነውም ብቻ አንጣለው፤ ራሱን ነገሩን እንመርምረው።

በሚያዝያ 1794 ብሩስ አንዲት እንግዳ ወደ ሰረገላዋ ሊሸኝ ሲወርድ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ በማግሥቱም ዐረፈ። በዱርና በበረሃ፥ በጦርነትና በቸነፈር መካከል የጠበቀው አምላክ በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ዕድሜውን ፈጸመለት።

ከሞቱ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በግንቦት 14 ቀን 1796፥ ኤድዋርድ ጄነር የሚባል የእንግሊዝ ሐኪም ከአንዲት ላም አላቢ እጅ የላም ፈንጣጣ ወስዶ ጄምስ ፊፕስ የተባለውን የ8 ዓመት ልጅ ከተበ። ኋላም እውነተኛው ፈንጣጣ ልጁን እንደማይዘው ተረጋገጠ። ከዚህ ወዲህ ወላጅ ፈንጣጣን ለመከላከል ራሱን ፈንጣጣን መግዛት አላስፈለገውም፤ እጅግ የቀለለ መንገድ ተገኘለት። የስናር እናቶች በብር ይከራከሩበት የነበረው አደጋ በብዙ እጥፍ ቀነሰ።

ይህ መልካም ነገር ወደ እኛ አገር ቈላና ደጋ ሁሉ ለመድረስ ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ነው። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ተራራውን ወጡ፥ ገደሉን ወረዱ። በጎጃም ብዙ ወላጆች ከአባቶቻቸው በወረሱት የክትባት ልማድ ተማምነው አዲሱን እንቢ አሉ፤ ከታቢዎቹም ደጋግመው እየተመለሱ በትዕግሥት ማስረዳት አስፈለጋቸው። ሱዳን በ1972 መጨረሻ ከፈንጣጣ ነጻ ወጣች፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1976 ተገኘ፤ በሶማልያ በጥቅምት 1977 ከተገኘው በሽተኛ በኋላም ደዌው በሕዝብ መካከል አልተዛመተም። በግንቦት 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ላይ መጥፋቱን አወጀ። ዛሬ አንድ ሕፃን ፊቱ በፈንጣጣ ሳይበላ የሚያድገው ደዌው ራርቶለት አይደለም፤ በየመንደሩ ወላጆች የልጆቻቸውን ክንድ ስለ ዘረጉ ነው።

ነገር ግን ሌላው መንገደኛ፥ ኩፍኝ፥ ገና አልጠፋም። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፥ ከራብና ከጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን በዚያው ብሩስ ባለፈበት ምድር ወደ ሱዳን ገቡ፤ ገዳሪፍ አካባቢ ባሉት በወድ ኮውሊና በሌሎች ሰፈሮች ተጠለሉ። በዚያ ድንኳን በድንኳን ላይ ተጨናንቆ ሳለ ኩፍኝ ተነሣ። ራብ ያደከመው ሕፃን ኩፍኝን ሊቋቋም አይችልም፤ ስለዚህ በወድ ኮውሊ ከሕፃናቱ ሞት ትልቁ ምክንያት ኩፍኝ ሆነ። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን ከጥይትና ከራብ አውጥተው፥ ብዙ ሌሊት በጨለማ ተሸክመው፥ ድንበር ካሻገሩ በኋላ በኩፍኝ ቀበሩአቸው። የኩፍኝ ክትባት ከ1963 ጀምሮ በዓለም ይገኝ ነበረ። ከእነርሱ ብዙዎቹ እንቢ ያሉ ወላጆች አልነበሩም፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶባቸው የመምረጥ ዕድል እንኳ አላገኙም።

ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ በሱዳን ጦርነት ስለ ተነሣ ብዙ ሕዝብ በዚያው መንገድ ተገልብጦ፥ ከገዳሪፍ ወደ መተማ ተሻገረ። መንገዱ አንድ ነው፤ የሚሸሸው ይለዋወጣል። ማንም ወላጅ ልጁን አዝሎ የሚወጣበትን ሌሊት አስቀድሞ አያውቅም። በዚያ ሌሊት ቤቱንና ከብቱን ትቶ ይሄዳል፤ በልጁ ሰውነት ውስጥ ያለው መከላከያ ግን አብሮት ይሻገራል።

ውድ ወላጆች ሆይ፤ በመካከላችን ስለ ክትባት ልባቸው የሚያመነታ አሉ፤ አንገሥጻቸውም። መውደዳቸው ነው የሚያስፈራቸው። ልጄ ደኅና ሳለ ስለ ምን መርፌ ላስወጋው የሚል አለ፤ ያቺ የስናር እናትም ልጅዋ ደኅና ሳለ ነው የተነሣችው፤ ደዌው ከገባ በኋላ ክትባት ጊዜው አልፎበታልና። ልጁ ያተኵሰዋል የሚልም አለ፤ እውነት ነው፥ ጥቂት ቀን ሊያተኵሰው፥ ክንዱም ሊያብጥ ይችላል። ከባድ ጕዳት ግን እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደርስ ነው፤ ስለዚህ የጤና ሠራተኛው ከክትባቱ በኋላ ጥቂት እንድትቈዩ ቢጠይቃችሁ አትቸኵሉ። ኩፍኝ ግን ከደዌዎች ሁሉ በፍጥነት ከሚተላለፉት አንዱ ነው፤ በሽተኛው ከቤት ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በአየር ውስጥ ይቈያል።

እግዚአብሔር ይጠብቀዋልና ክትባት አያስፈልገውም የሚልም አለ። በእግዚአብሔር መታመን መልካም ነው፤ ከዚህ የሚበልጥም የለም። ነገር ግን ዝናብ እንዲመጣ የሚጸልይ ገበሬ እርፉን አይጥልም፤ ሌሊት እንዲጠበቅ የሚጸልይ አባትም በሩን ሳይዘጋ አይተኛም። ከጸለዩ በኋላ ልጅን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እምነትን መካድ አይደለም፤ የተሰጠንን ልጅ በአደራ መጠበቅ ነው።

በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው በ9 ወር፥ ከ2019 ጀምሮም ሁለተኛው በ15 ወር እንዲሰጥ ሆኖአል። አንዱን ብቻ ተቀብላችሁ አትቅሩ፤ ሁለቱ ሲፈጸሙ ነው ጥበቃው የሚጸናው። አባቶችም ነገሩን ለእናት ብቻ አትተዉት። ቀኑ የገበያ ወይም የአጨዳ ቀን ቢሆን እንኳ አብራችሁ ተነሡ፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ ልጁን እናንተ ተሸከሙ። በጎረቤታችሁ ያለው ገና 9 ወር ያልሞላው ሕፃን ወይም በደዌ ምክንያት ሊከተብ የማይችለው ልጅ ሊጠበቅ የሚችለው፥ በዙሪያው ያሉት ልጆች ሁሉ የተከተቡ እንደ ሆነ ነው።

የብሩስ ስም ስለ ዐባይ ምንጭ ይነሣል፤ በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ተቀብሮአል። የእነዚያ እናቶች ስም ግን በየትም አልተጻፈም። እነርሱ የጥጥ ጨርቅ ይዘው፥ ብር ቈጥረው፥ ልባቸው እየተንቀጠቀጠ ሄዱ፤ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ አድገው ልጅ ወለዱ። ለእኛ ጨርቁም ዋጋውም ቀርቶልናል። የቀረልን መነሣትና መንገዱን መሄድ ብቻ ነው። ልጆቻችንን የሰጠን አምላክ ለእነርሱ የሚበጀውን በጊዜው እንድናደርግ ልብ ይስጠን። አሜን።